በእማሆይ ርስት ላይ የተሠራው ትምህርት ቤት

መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ልጆቼ «እማዬ፣ እስቲ አንድ ቀን እንኳ ወንበሩን አሙቂው» እያሉ ይቀልዱብኛል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ብሶብኛል። መስከረም ሲጠባ ተማሪዎች በበሬ ሲያልፉ ካላየሁ ቀኑ አይመሽልኝም፤ ካየሁ ደግሞ ያልመጣችው የቷ ናት እያልሁ እብሰለሰላለሁ። ይህ ነገር የት እንደጀመረኝ አውቃለሁ። አንድ ቀን ነው፣ ከጠዋት እስከ ማታ። ያን ቀን ላጫውታችሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አገሩ መንዝ፣ ከዘመሮ ገበያ ወጣ ብሎ ያለ ደጋ፣ ሰው በጠራራ ፀሐይ ባና ተከናንቦ የሚውልበት። እኔ ብርቄ እባላለሁ፤ ያኔ ገና አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ታጭቻለሁም። የታጨሁት ከወንዝ ማዶ ላሉት ለአቶ ዘውዱ ልጅ ነው። ልጁን አንድ ጊዜ ገበያ ላይ ከሩቅ አሳይተውኛል፤ ፈረስ ላይ ስለነበረ ፈረሱን ብቻ ነው የማስታውሰው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሊሆን ተቆርጦ ነበር።

በዚያው ዓመት አገሩ ትምህርት ቤት መሥራት ጀመረ። የአውራጃው ትምህርት ቢሮ «ቤቱን እናንተ ሥሩ፣ አስተማሪ እኛ እንሰጣለን» ብሎ ነበርና አስተማሪው ቤቱን ቀድሞ መጣ። መምህር ታደሰ ይባላል፤ የመርሐቤቴ ልጅ ነው፣ የቆላ ሰው። የእኛ ብርድ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ከትቶት ነበር። ወንዶቹ ድንጋይ ፈለጡ፣ ግድግዳ አቆሙ። ለጭቃው የሚሆነውን ውሃ ከምንጩ የቀዳነው እኛ ሴቶች ልጆች ነን። ዳገቱን በእንስራ እየተመላለስን ጀርባችን እስኪላጥ ቀዳን። ከሁላችን ብዙ የቀዳችው ጥሩነሽ ናት። ጥሩነሽ የቀጥቃጩ የጋሽ ደምሴ ልጅ ነበረች፣ ጓደኛዬ። እናቴ ከቀጥቃጭ ልጅ ጋር መዋሌን አትወድም ነበር፤ ምንጭ ላይ ግን ማን ያየናል? አንዷ ለአንዷ እንስራ እያሸከምን እንውላለን።

ይማራሉ ተብለው የተመዘገቡት ወንዶች ብቻ ነበሩ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ ሴት ደግሞ ሟርተኛ ካልሆነች ፊደል ምን ያደርግላታል ተባለ። የጥሩነሽ ታናሽ ወንድም ካሳ እንኳ ተመዝግቧል። እኔ አልከፋኝም ብል ውሸት ነው፤ ግን የከፋኝ ነገር ስም አልነበረውም። ብቻ ግድግዳው ከፍ ባለ ቁጥር እንስራዬን አስቀምጬ አየው ነበር።

የበልግ ዝናብ ሊገባ ሆነ። ቤቱ የቀረው ጣራ ብቻ ነው። የቢሮው ሰው በሁለተኛው ቀን መጥቶ እንደሚያይ፣ ቤቱ ካልተከደነ አስተማሪው ቤት ሠርቶ ለጨረሰ ለሌላ አገር እንደሚሰጥ መልእክት ደረሰ። በዚያ ላይ ያልተከደነ የጭቃ ግንብ ዝናብ ካገኘው ምን እንደሚሆን የደጋ ሰው ያውቃል። ስለዚህ በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ አገሩ ሁሉ ወጣ። የጓሳ ሣር በአህያ ተጭኖ መጣ፣ ጣራ ከዳኞቹ ወደ ላይ ወጡ፣ እኛም ሣሩን በነዶ በነዶ ማቀበል ጀመርን።

ፀሐይ ሞቅ ስትል በቤተ ክርስቲያኑ መንገድ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ብቅ አሉ። እማሆይ የአባቴ አክስት ናቸው። ልጅ የላቸውም፤ ባላቸው ሲሞት ቆብ ደፍተው በደብሩ አጥር ሥር ባለች ጎጆ ይኖራሉ። ከመስቀል ወዲህ ገዳም ስለነበሩ ቤቱ ሲሠራ አላዩም፤ የተመለሱት ያን ጠዋት ነው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ግድግዳውን ዙሪያውን አዩት። ከዚያ በቀጭን ድምፃቸው እንዲህ አሉ፦

«በንጉሥ አምላክ! እጃችሁን አንሡ። ይህ የአባቴ ርስት ነው።»

ለዛሬ ልጆች ይህን ማስረዳት አለብኝ። በዚያን ጊዜ ማንም ሰው፣ ደኻም ቢሆን ሴትም ብትሆን፣ «በንጉሥ አምላክ» ብሎ ካገደ የታገደው ሰው የያዘውን ጥሎ ይቆማል። ነገሩ በዳኛ እስኪታይ አንዲት ሰበዝ የነካ፣ የነካው የንጉሡን ስም ነው። ጣራ ከዳኞቹ እጃቸው እንዳለ ቀረ። አንዱ ያነሣውን ነዶ ወደ ጣራው ሊጥል ወይ ሊያወርድ ጨንቆት አቅፎ ተቀመጠ።

የአጥቢያው ዳኛ ባላምባራስ ይርጉ ነበሩ። ቦታውን የመረጡትም እሳቸው ናቸው፣ የወል ግጦሽ ነው ብለው። ሽማግሌ ተሰበሰበ፣ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ሁዳዴ ጾም ነውና ሁሉም ባዶ ሆዱን ነው፤ ሙግት ደግሞ በባዶ ሆድ ይከራል።

ባላምባራስ በለዘበ ቃል ጀመሩ። «እማሆይ፣ እርስዎ ዓለምን ንቀው ቆብ የደፉ ሰው ነዎት። መነኩሴንና ርስትን ምን አገናኛቸው?»

«ዓለምን የናቅሁ እኔ ነኝ፣ አባቴ አልናቀም። መሬቱ የእሱ ነው።»

«የወል ግጦሽ ነው እንጂ። የአገሩ ከብት ሲግጥበት የኖረ ነው።»

«የሰው ከብት ስላስጋጥሁ ርስቴ የከብቶቹ ሆነ?»

ሳቅ ተነሣ። ባላምባራስ ግን አልሳቁም። ለውጥ እንስጥዎ አሉ። አንዱ ከወንዙ ዳር ቆርሶ ሊሰጥ ተነሣ፣ ሌላው የገብስ ማሳ አቀረበ። መንዜ መሬት ልስጥ ሲል ምን ያህል እንደተጨነቀ እወቁት። እማሆይ ለሁሉም «ለውጥ አልፈለግሁም» ነው መልሳቸው። ካህኑ መጡና «የእግዚአብሔር ሰው ነዎት» እያሉ ለመኑ። እማሆይ መስቀሉን ተሳልመው «አባቴ፣ በሚስትና በርስት ዋዛ የለም» አሏቸው።

ፀሐይዋ መሐል ሰማይ ደረሰች። በጓሳ ሜዳ በኩል ደመናው ይጠቁር ጀመር። መምህር ታደሰ አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ ጣራውን፣ አንዴ እማሆይን እያየ ግንቡን ይዞራል። አባቴ ሽፈራው ከሰው ኋላ ተደብቆ ሣር ይነጫል። መሬቱ የቤተሰባችን መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ባላምባራስን ፈርቶ ዝም አይነቅዝም ብሎ ነው የከረመው። እኔ ደግሞ ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ዳገት የወጣሁበት ቤት በአንዲት አሮጊት ግትርነት ሊፈርስ ነው! እማሆይን የዚያን ቀን ጠላኋቸው።

ሽማግሌዎቹ ለብቻ ሊመክሩ ፈቀቅ ሲሉ እማሆይ ዘንድ ሄድሁ። ግንቡ ጥግ ብቻቸውን ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

«እማሆይ፣ ይተዉላቸው» አልኋቸው። «ቤቱ ይጨረስ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺ ከቤቱ ምን አለሽ?»

«ውሃ ቀድቼበታለሁ።»

«ትገቢበታለሽ?»

«ወንዶች ናቸው የሚገቡ።»

«እንግዲያው ቢፈርስ ባይፈርስ ምን ያንገበግብሻል?»

ምን ብዬ ልመልስ? ከፋሲካ በኋላ ከወንዝ ማዶ ልሄድ ነው። ቤቱ ቢቆም ለእኔ ምኔ ነው? እንባዬ መጣ፣ እልህም ጨመረብኝና «እኔ ባልገባም ይቁም! ቆሞ ልየው!» አልሁ። ከታላቅ ጋር እንዲህ ተናግሬ አላውቅም ነበር።

እማሆይ አልተቆጡም። ከዚያ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡና ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። እኔም ተከተልሁ።

«ነገሩን ላሳጥርላችሁ» አሉ። «መሬቱን መተው እችላለሁ። መጀመሪያ ግን የማን እንደሆነ በሕዝብ ፊት ይነገረኝ።»

ባላምባራስ ፊታቸው በራ። ቃል ብቻ ከሆነ ርካሽ ነው። ዙሪያውን አዩና አባቴን ከተደበቀበት አወጡት። «ሽፈራው፣ ወራሻቸው አንተ ነህ። ተናገር። የእናንተ ነው ወይስ የወል?»

አባቴ ተነሣ። ባላምባራስ የወል ነው እንዲል በዓይናቸው እየነገሩት እንደሆነ ሁላችንም እናያለን። ግን አስቡት፣ አገሩ ሁሉ እያየው «የእኛ ርስት አይደለም» ሊል ነው። መንዜ ይህን ከሚል ምላሱ ቢቆረጥ ይሻለዋል። ላብ በላብ ሆነ፤ በመጨረሻ አንገቱን ደፍቶ «የአባቶቻችን ርስት ነው» አለ።

«ሰማችሁ» አሉ እማሆይ። «እንግዲህ ርስቴ ነው፤ ቤት ሥሩበት ብዬ ፈቅጃለሁ። ድርሻዬን ግን አልለቀቅሁም። በርስቴ ላይ ከሚበላው እካፈላለሁ። እኔ የፊደል ዕድሜዬ አልፏል፤ በእኔ ድርሻ የሽፈራው በኩር ብርቄ ትገባለች።»

ሰውም መንጫጫት ጀመረ። «ሴት?» አለ አንዱ። «ሴት ልጅ ከወንድ ጋር?»

እማሆይ ለእሱ አልመለሱም፤ ወደ ዳኛው ዞሩ። «ባላምባራስ፣ ያን የታችኛውን ማሳ፣ ስንዴ የሚበቅልበትን፣ በማን በኩል ነው ያገኙት?»

ባላምባራስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በእናቴ።»

«ርስት ሴት ወንድ ይላል?»

«አይልም።»

«እንግዲያው ይህም አይበል።»

ባላምባራስ መውጫ ፈልገው ወደ መምህር ታደሰ ዞሩ። «አንተ አስተማሪ፣ ሴት ብትገባ መንግሥት ምን ይላል?» አሉት። መምህሩ ቀኑን ሙሉ ያልተናገረውን በአንድ ትንፋሽ ተናገረ፦ «መንግሥት ደስ ይለዋል ጌታዬ። ወንድ ብቻ ያላችሁት እናንተ ናችሁ።»

አቶ ዘውዱ፣ አማች ሊሆኑን የነበሩት፣ ያን ጊዜ ተነሡ። «ልጂቱኮ የእኔ ልጅ እጮኛ ናት። ከፋሲካ በኋላ ትመጣለች።»

«ርስቷን ይዛ ትምጣ» አሉ እማሆይ። «ይህ ርስት ግን ተይዞ የሚኬድ አይደለም፣ እዚሁ ተቀምጠው የሚያርሱት ነው። ልጅዎ እስክትጨርስ ይጠብቅ።»

«ልጄ ተማሪ አይጠብቅም» አሉና አቶ ዘውዱ በቅሏቸውን አስጭነው ሄዱ። አባቴ በቅሎዋ ዳገቱን እስክትወጣ በዓይኑ ሸኛት። የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን እንደጣለ ሰው ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ወዲያ ለወራት አላናገረኝም። እኔን ግን አንድ ነገር ከደረቴ ላይ ሲነሣ ተሰማኝ፤ እንዲያ ከብዶኝ እንደኖረ ያወቅሁት ሲነሣ ነው።

ባላምባራስ ነገሩን ሊዘጉ «መቼም አንዲት ልጅ ናት፣ ትግባ» አሉ። ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ እኔ ብቻ እገባ ነበር። ግን የእኛን አገር ሰው ታውቁታላችሁ። የማይፈልገውን ነገር እንኳ ቢሆን ጎረቤቱ በርስት ካገኘው እንቅልፍ አይወስደውም። ቅድም «ሴት?» ብሎ የጮኸው ሰውዬ ብድግ አለ።

«እኛስ?» አለ። «ከእማሆይ ቤት የምናንስ ነን? ከአንድ አባት ነው የወረድን። የሽፈራው ልጅ በርስት ከገባች የእኔም ልጅ ትገባለች!»

«የእኔም!» አለ ሌላው። «የታላቅ ቤት እኛ አይደለን?»

«ሁለት ሴት ልጅ አለኝ፤ ድርሻዬን ማንም አይበላትም!»

ትናንት ለሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል ያሉ አባቶች ናቸው፤ ዛሬ ዘር እየቆጠሩ ይፎካከራሉ። መምህር ታደሰ ከት ብሎ ሳቀ፤ ከመጣ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እማሆይ «ያገድሁትን ለቅቄያለሁ» አሉና ጣራ ከዳኞቹ ሣር መሰካት ጀመሩ። ዝናቡ ማካፋት ጀምሮ ነበር። ወንድ ሴት፣ ካህን ጨዋ ሳይል ነዶ እየተቀባበልን፣ ልብሳችን እየበሰበሰ፣ ሊመሽ ሲል ጉልላቱ ታሰረ። ዝናቡ የምር የወረደው ከዚያ በኋላ ነው። ሁላችንም ውስጥ ገብተን ቆመን ቀና ብለን ጣራውን አየን። አንዲት ጠብታ አላስገባም።

በዚያ ጫጫታ መሐል አንድ ዝም ያለ ሰው ነበር። ጋሽ ደምሴ የበሩን ማጠፊያ ቀጥቅጦ አምጥቶ በሩ ሥር ቆሟል። ሁሉም አባት «የእኔም ልጅ» ሲል እሱ ጉጠቱን እንደያዘ መሬት መሬት ያያል። ቀጥቃጭ በመንዝ ርስት የለውም። ያን ጊዜ አይቼው አልፌያለሁ፤ ደስታዬ ሌላ ነገር አላሳየኝም። ነገሩ የገባኝ ቤቱ ሲከፈት ነው።

የቢሮው ሰው መጥቶ ጣራውን አይቶ ተደስቶ ሄደ። ትምህርት በተጀመረበት ጠዋት ጥሩነሽና እኔ እጅ ለእጅ ተያይዘን ሄድን፤ ካሳ ከኋላችን ነው። በሩ ላይ ከመምህር ታደሰ ጎን ባላምባራስ ቆመዋል። የሚገባውን ሁሉ «የማን ወገን ነህ? የማን ወገን ነሽ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ድርሻ ከሆነ በኋላ ድርሻ የሌለው እንዳይገባ መጠበቅ ነበረባቸዋ። እኔ ተናገርሁ፣ ገባሁ። ዞር ስል ጥሩነሽ በሩ ላይ ቆማለች።

«የማን ወገን ነሽ?»

ጥሩነሽ ካሳን ወደ ራሷ ሳበችው።

«የደምሴ ልጅ አይደለሽም? ደምሴ እዚህ ምን ርስት አለው? ተመለሺ። ልጁም ይመለስ።»

«ባላምባራስ፣ ልጁኮ ቀድሞ ተመዝግቧል» አለ መምህር ታደሰ። «መንግሥት እንዲህ አላለም።»

«መንግሥት መሬት አልሰጠም» አሉት። መምህሩ ወደ ስም መዝገቡ አቀረቀረ። እንግዳ ነው፣ ልጅ ነው፣ እንጀራው በእጃቸው ነው።

ቀድሞ ካሳን ያስገባው የነበረ በር፣ እኔን በሚያስገባ ክርክር ተዘጋበት። ጥሩነሽ አላለቀሰችም። የወንድሟን እጅ ይዛ ወደ ምንጩ በሚወስደው መንገድ ወረደች።

እኔ ከክፍሉ ሮጬ ወጣሁ፤ መምህሩ ሲጠራኝ አልሰማሁትም። እማሆይን ጎጇቸው በር ላይ አገኘኋቸውና እየጮህሁ ነገርኋቸው። «ይምጡና ይሟገቱላት! እንደ እኔ ያስገቧት!» አልሁ።

እማሆይ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። «ልጄ» አሉ፣ «ስነሣ ለመሬቴ ነው የተነሣሁ። ያንን ቀን አንቺ መጥተሽ ባታለቅሺ የአንቺም ነገር በልቤ አልነበረም። የማውቀው ሙግት ይኸው ብቻ ነው፤ የአባት፣ የእናት፣ የወሰን። ርስት የሌለውን ሰው በምን እንደሚሟገቱለት አላውቅም። አንቺ ተምረሽ እወቂው።»

ወደ ክፍሌ ተመለስሁ። የዚያን ቀን የተማርሁት ፊደል ዛሬም ሲታየኝ አብሮ የሚታየኝ የጥሩነሽ ጀርባ ነው። ጋሽ ደምሴ የሠራውን ማጠፊያ አልነቀለም። በዓመቱ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ቆላ ወረደ፤ ወዴት እንደገቡ የሚያውቅ አላገኘሁም። እኔ መሐል ሜዳ ከተማ ተማርሁ፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን ሄድሁ፣ አስተማሪ ሆኜ ወደዚያው ደጋ ተመለስሁ። በየተመደብሁበት አገር ምንጭ ላይ እንስራ ይዛ የቆመች ልጅ ባየሁ ቁጥር ፊቷን አየዋለሁ፣ ምናልባት ብዬ።

አንባቢዎቼ፣ በዚያ ቀን ያተረፍሁትን አልክድም። በአንዲት መነኩሴ ግትርነትና በአንድ አገር ሰው ቅናት ሰው ሆኛለሁ። ሳይደግስ አይጣላም የሚሉት ለእኔ እውነት ነው። ግን አንድ ልጅ ፊደል ለመቁጠር አክስቷ እስክትቆጣ ትጠብቅ? አክስት የሌላትስ? ዛሬም በየአገሩ፣ በአህጉራችን በየጥጉ፣ ውሃውን ቀድታ በሩ ላይ የቆመች ልጅ አለች። የምትጠየቀው ጥያቄ ቃሉ ይለያይ እንጂ አንድ ነው፤ ከየት ነሽ፣ ምን አለሽ፣ የማን ነሽ ነው።

ባስተማርሁበት ዘመን ሁሉ የምዝገባ ቀን በሩ ላይ የምቆመው እኔ ነበርሁ፤ ለማንም አልለቅም። አባት የሌላት ትመጣለች፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ ትመጣለች፣ ማን እንደወለዳት የማይታወቅ ትመጣለች። ከኮሚቴው አንዱ ሰው መቼም አይጠፋም፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ይህች ደግሞ የማን ወገን ናት?» ይለኛል።

«የእኔ ናት» እላለሁ። «ስሟን ጻፍ።»